ከብዙ ሺህ መስመሮች መሀል የሚፈለገውን መያዝ

በኮምፒውተር በሚሠራ ንድፍ ላይ መስመር ለመሳል ሁለት ክሊክ ይበቃል። ጊዜ የሚበላው የተሳለውን መልሶ ማግኘት ነው። ግድግዳ ማንቀሳቀስ፣ የአንድ ፎቅ መስኮቶችን ቀለም መቀየር፣ ከቀያሽ በመጣ ፋይል ውስጥ ያለውን ትርፍ ነገር ማጥፋት፣ ከእነዚህ አንዱም ቢሆን የሚሠራበት ነገር አስቀድሞ ካልተመረጠ አይጀመርም። ጀማሪና ልምድ ያለው ነዳፊ ጎን ለጎን ሲሠሩ ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ጀማሪው እያጎላና እያሳነሰ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ልምድ ያለው የሚፈልገውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያነሳዋል። ለዚህ የእጅ ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። መምረጥ ለሞዴሉ ጥያቄ ማቅረብ ስለሆነ፣ ጥያቄውን አስተካክሎ መጠየቅንም፣ ሞዴሉ መልስ እንዲኖረው አድርጎ መሥራትንም ይፈልጋል።

ችግሩ ከዲጂታል ንድፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። አይቫን ሰዘርላንድ በ1963 እ.ኤ.አ. (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኤም.አይ.ቲ. ለዶክትሬት ማሟያ ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለው ፕሮግራም ቲኤክስ-2 በሚባል ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። ማውስ ገና ስላልተለመደ ተጠቃሚው በብርሃን እስክሪብቶ ስክሪኑን ይጠቁማል፣ በሌላው እጁ ደግሞ ቁልፎችን ይጫናል። የሰው እጅ ቀጭን መስመር ላይ በትክክል እንደማያርፍ ሰዘርላንድ ያኔውኑ አስቦበታል፤ እስክሪብቶው ወደ መስመሩ ከቀረበ ፕሮግራሙ ልክ መስመሩ ላይ እንዳረፈ ይቆጥርለታል። ዛሬ አውቶካድ ላይ በመስቀለኛው ጠቋሚ መሀል የምትታየው ትንሽ ካሬ የዚያው ሐሳብ ወራሽ ናት። ካሬዋ የነካችው ሁሉ እንደተጠቆመ ይቆጠራል፤ መጠኗም እንደ ተጠቃሚው ፍላጎት ይሰፋል፣ ይጠባል።

ክሊክ ሲደረግ ምን ይሆናል

በቱዲ ንድፍ ላይ ስሌቱ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ማውሱ ያረፈበትን ቦታ ይወስድና ለዚያ ቦታ የቀረበው መስመር የቱ እንደሆነ ያያል። በስሪዲ ግን ስክሪኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ሞዴሉ ጥልቀት ስላለው፣ ከአንዲት የስክሪን ነጥብ ጀርባ ግድግዳም፣ ወንበርም፣ የወዲያኛው ክፍል መስኮትም ተሰልፎ ሊሆን ይችላል። የተለመደው መፍትሔ ከተመልካቹ ዓይን ተነስቶ በማውሱ ጫፍ በኩል ወደ ሞዴሉ የሚዘልቅ ምናባዊ ጨረር መላክ ነው። ጨረሩ መጀመሪያ ያገኘው ገጽ ይመረጣል። ጠርዝ ውፍረት የሌለው በመሆኑ ጨረር በትክክል ሊያገኘው አይችልም፤ ስለዚህ ለጠርዝና ለነጥብ ጥቂት ፒክሰል ያህል ይታለፍላቸዋል። ይህ መቻቻል የሚለካው በሜትር ሳይሆን በስክሪን ፒክሰል ነው። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ላይ የተዘበራረቁ ጠርዞች ቀረብ ሲባል ለየብቻ የሚያዙት በዚህ ምክንያት ነው። የቀጭን ፍሬም ጠርዝ አልያዝ ሲል ክሊኩን ከመደጋገም ማጉላት ይሻላል።

ሁለት መስመሮች ፍጹም ተደራርበው ከተኙ ግን ማጉላትም አይረዳም። አውቶካድ ላይ ሺፍት ተይዞ ስፔስ ባር ሲመታ ጠቋሚው ሥር ያሉት ነገሮች በየተራ ይመጣሉ፤ በኮንትሮልና በደብልዩ የሚከፈተው አማራጭ ደግሞ የተደራረቡትን በዝርዝር ያሳያል። የተደራረቡት የማይፈለጉ ቅጂዎች ከሆኑ ኦቨርኪል የተባለው ኮማንድ ባንድ ጊዜ ያጸዳቸዋል። ራይኖ በተባለው የስሪዲ ፕሮግራም ላይ ድግግሞሽን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ሴልደፕ የሚባል ኮማንድ አለ።

ክሊክ፣ ሳጥንና ገመድ

ስኬችአፕ በ2000 በኮሎራዶዋ ቦልደር ከተማ በነበረ አት ላስት ሶፍትዌር በተባለ ኩባንያ ለገበያ የቀረበ፣ በ2006 ጉግል፣ በ2012 ደግሞ ትሪምብል የገዛው ፕሮግራም ነው። በውስጡ የሚሠራው ቅርጽ ሁሉ ከጠርዝና ከገጽ የተገነባ ስለሆነ የምርጫን ባሕርይ ለማሳየት የሚመች ነው። ስፔስ ባር ሲመታ የመምረጫው ቀስት ይመጣል። አንድ ክሊክ የተነካውን ብቻ ይይዛል። ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲመታ ገጹ ከነዙሪያ ጠርዞቹ ይያዛል፤ ጠርዝ ላይ ሁለት ጊዜ ሲመታ ጠርዙና የሚያዋስናቸው ገጾች ይያዛሉ። ሦስት ጊዜ ከተመታ እርስ በርሱ የተያያዘው ቅርጽ ሁሉ ይመጣል። ኮንትሮል ቀደም ሲል በተመረጠው ላይ ይጨምራል፣ ሺፍት ያልተመረጠውን ይይዛል፣ የተመረጠውን ደግሞ ይለቃል፣ ሁለቱ አብረው ሲያዙ ከተመረጠው ላይ ይቀንሳሉ። ብዙ ሰው ሺፍትን ብቻ ይዞ ዓመታት ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ነገር በሳጥን ሲመረጥ መጨመርና መቀነስን ለየብቻ ማወቁ ያላሰቡት ነገር እንዳይለቀቅ ይከላከላል።

ሳጥኑ ከየት ወደየት እንደተጎተተ ለብዙ ጀማሪዎች ሳይነገራቸው የሚቀር፣ ሲነገራቸው ደግሞ አሠራራቸውን የሚለውጥ ነገር ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሲጎተት ሙሉ በሙሉ ውስጡ የገባውን ብቻ ይይዛል። ከቀኝ ወደ ግራ ሲጎተት በጥቂቱም ቢሆን የነካውን ሁሉ ይይዛል። አውቶካድም ስኬችአፕም በዚህ ይስማማሉ። አውቶካድ የመጀመሪያውን በሰማያዊ፣ ሁለተኛውን በአረንጓዴ ያሳያል፤ ስኬችአፕ ሁለተኛውን በተቆራረጠ መስመር ይለየዋል። አንድ ወንበር ከምንጣፍ ላይ ሲነሳ ከግራ ወደ ቀኝ መጎተት ያስፈልጋል፤ ምንጣፉ ከሳጥኑ ስለሚተርፍ አይያዝም። በአንድ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፉ ረጃጅም የቧንቧ መስመሮችን ለመያዝ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ትንሽ ሳጥን ይበቃል።

ተጠማዝዞ ለሚሄድ ነገር ሳጥን አይመችም። ላሶ የሚባለው ነፃ የእጅ መምረጫ በ1984 ማክፔይንት በተባለው የአፕል ማኪንቶሽ የሥዕል ፕሮግራም ላይ ነበር፤ አውቶካድ ላይ የተጨመረው በ2015 እትም፣ ስኬችአፕ ላይ ደግሞ በ2022 እትም ነው። አውቶካድ ከዚህ ሌላ ፌንስ የሚባል የቆየ ዘዴ አለው። መምረጥ በሚጠየቅበት ሰዓት ኤፍ ተጽፎ መስመር ሲዘረጋ፣ መስመሩ ያቋረጠው ሁሉ ይያዛል። የደረጃ እርከኖችን ወይም የግሪድ መስመሮችን ጫፍ ለመቁረጥ ትሪም ከፌንስ ጋር ሲሠራ አንድ በአንድ ቢደረግ ረጅም የሚሆነውን ሥራ በሁለት ክሊክ ይጨርሰዋል። እዚሁ ላይ ፒ የሚለው ፊደል ባለፈው ኮማንድ የተመረጠውን መልሶ ያመጣል። አንድ የቤት ዕቃ ስብስብ ከተንቀሳቀሰ በኋላ መሽከርከር ካለበት ዳግም መምረጥ አያስፈልግም ማለት ነው። ከተመረጠው ላይ ሁለት ሦስት ነገር ለመቀነስ አር ይጻፋል።

ሳጥን በስሪዲ ላይ አንድ ከባድ ወጥመድ አለው፤ ጥልቀትን አያውቅም። ስኬችአፕ ላይ የአንድ ሕንፃ የፊት ገጽታ ቀጥ ብሎ ተደቅኖ የሁለተኛው ፎቅ መስኮቶች በሳጥን ሲከበቡ፣ በዚያው ከፍታ ላይ ያሉት የጀርባ መስኮቶችም፣ በመሀል ያሉት በሮችና የቤት ዕቃዎችም አብረው ይያዛሉ። ከፊት የሚታየው የፊቱ ስለሆነ ሠሪው ልብ አይለውም። ስሕተቱ የሚታወቀው ሞዴሉ ሲዞር ነው፤ ያኔም ብዙ ሥራ ላዩ ላይ ስለተሠራበት ወደኋላ መመለሱ ያማል። ስለዚህ በሳጥን ከተመረጠ በኋላ ምንም ከመደረጉ በፊት ሞዴሉን ትንሽ ማዞርና ተመርጦ ሰማያዊ የሆነው ነገር እስከ ምን ድረስ እንደሄደ ማየት፣ ኢንቲቲ ኢንፎ የተባለው መስኮት ላይም ስንት ነገር እንደተያዘ ማንበብ ይገባል። ስድስት መስኮት ተጠብቆ ሃያ ሁለት ነገር ተመርጧል ከተባለ መልሱ ግልጽ ነው። ብሌንደር የተባለው የስሪዲ ፕሮግራም ይህንን ችግር በኤክስሬይ መቀየሪያ ፈትቶታል፤ ኤክስሬይ ሲጠፋ በኤዲት ሞድ ሳጥኑ የሚይዘው የሚታየውን ብቻ ነው።

ሞዴሉ መልስ እንዲኖረው

ስኬችአፕ ላይ በግሩፕ ያልተከለለ ቅርጽ ከነካው ጋር ይጣበቃል። ጠረጴዛ ወለል ላይ ከተሠራ እግሮቹና ወለሉ አንድ ቅርጽ ይሆናሉ፤ ሦስት ጊዜ ሲመታ ጠረጴዛው ብቻውን መምጣቱ ይቀርና ቤቱ ሁሉ ይመጣል። ይህ ባሕርይ ገና ንድፉ ሲጠነሰስ ይጠቅማል፣ ሥራው እየገፋ ሲሄድ ግን መምረጥን ያበላሻል። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች አንድ ነገር ቅርጽ እንደያዘ ወዲያው ወደ ግሩፕ ወይም ወደ ኮምፖነንት የሚለውጡት ለሥርዓት ሲሉ ብቻ አይደለም፤ ነገ በአንድ ክሊክ እንዲያዝ ነው።

ከሁለቱ ኮምፖነንት የበለጠ ኃይል አለው። አንድ እናት ቅርጽ ሠርቶ ብዙ ቦታ ማስቀመጥ፣ እናቲቱ ስትለወጥ ሁሉም እንዲለወጡ ማድረግ፣ ይህም ሐሳብ ስኬችፓድ ላይ ነበር።

አንድ ጂ+4 ሕንፃ በየፎቁ 12 መስኮት አለው ይባል፤ በድምሩ 60 መስኮት ይሆናል። መስኮቶቹ እንደ ልቅ መስመርና ገጽ ከተሳሉ፣ የፍሬሙን ውፍረት ከ5 ወደ 7 ሳንቲሜትር ለመቀየር 60 ጊዜ መምረጥና 60 ጊዜ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ በየመሀሉም አንዱ መረሳቱ አይቀርም። አንድ ኮምፖነንት ከሆኑ ግን የትኛውም መስኮት ሁለት ጊዜ ተመትቶ ይከፈታል፣ አንዴ ይስተካከላል፣ 59ኙ ራሳቸው ይከተላሉ። ባለቤቱ ምድር ቤቱ ሱቅ እንዲሆንና 12ቱ መስኮቶች እዚያ ብቻ እንዲለወጡ ቢፈልግ ደግሞ፣ የምድር ቤቱ 12 መስኮቶች አብረው ተመርጠው ሜክ ዩኒክ ይባላሉ። አብረው መመረጣቸው ወሳኝ ነው። እንዲህ ሲደረግ 12ቱ በአንድ አዲስ እናት ሥር ይሆናሉ፤ ለየብቻ ከተደረገ ግን 12 የተለያዩ እናቶች ይፈጠሩና የኮምፖነንት ጥቅሙ ይጠፋል። የቀሩትን 48 ሁሉ ለመያዝ ደግሞ ከኮምፖነንቶች ዝርዝር ላይ በቀኝ ክሊክ ሴሌክት ኢንስታንስስ ማለት ይበቃል።

ታግ፣ ከ2020 እትም በፊት ላየር ይባል የነበረው፣ ሁለተኛው መያዣ ነው። የጠፋ ታግ ላይ ያለ ነገር ስለማይታይ በሳጥንም አይያዝም። የቤት ዕቃውን ታግ አጥፍቶ ግድግዳ መምረጥ ከማንኛውም ፕለጊን የሚቀድም፣ ነፃና ፈጣን ማጣሪያ ነው። አንድ ነገር ተይዞ በቀኝ ክሊክ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥም ተመሳሳይ ታግ ያላቸውን ሁሉ ወይም ተመሳሳይ ማቴሪያል የተቀቡትን ሁሉ ምረጥ የሚሉ አማራጮች አሉ።

አውቶካድ ላይ ግን የላየር ነገር ጥንቃቄ ይሻል። የጠፋ ላየርና የቀዘቀዘ ላየር ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከስክሪን ይሰወራሉ። ኦል የሚለው ምርጫ ግን የጠፋው ላየር ላይ ያለውን ይይዛል፣ የቀዘቀዘውን አይነካም። ላየር አጥፍቶ "የቀረውን ሁሉ ደምስስ" ያለ ሰው የማይታየውንም አብሮ ይደመስሳል። መተው ያለበትን ነገር ማቀዝቀዝ ወይም መቆለፍ ነው የሚያዋጣው።

በባሕርይ መፈለግ

እስካሁን የተባለው በቦታ መምረጥ ነው፤ ነገሩ የት እንዳለ ዓይን አይቶ እጅ ይይዘዋል። ንድፉ ሲበዛ ግን ቦታ አይረዳም። ሁሉም በር በየፎቁ ተበትኗል፣ ጽሑፉ በየሉሁ ተረጭቷል። እዚህ ላይ ጥያቄው ከ"የት" ወደ "ምን ዓይነት" ይለወጣል።

አውቶካድ ላይ ቀላሉ መንገድ ሴሌክት ሲሚላር ነው። አንድ ናሙና ተይዞ በቀኝ ክሊክ ሲጠራ እሱን የመሰሉት ሁሉ ይመጣሉ። መምሰል ማለት ምን እንደሆነ ግን ቅንብሩ ይወስናል፤ ሳይነካ ሲቀር በዓይነቱ ላይ ላየርንና ስምን ያያል፣ ከተፈለገ ቀለም፣ የመስመር ዓይነትና ውፍረት ይጨመሩበታል። ያልጠበቁት ነገር ሲያዝ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ እዚህ ቅንብር ላይ ይገኛል። ኪው ሴሌክት ከዚህ ይጠልቃል። የነገሩን ዓይነት፣ ባሕርዩን፣ ማነጻጸሪያውንና ዋጋውን ይጠይቃል፤ ለምሳሌ ሬዲየሳቸው ከ150 የሚያንሱ ክቦችን ሁሉ ሊያመጣ ይችላል። ፍለጋው መላ ንድፉን ወይም አስቀድሞ የተመረጠውን ክልል ብቻ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል፤ የተገኘውን መያዝ ወይም የተገኘውን ትቶ የቀረውን መያዝም ይቻላል። ይህ የመጨረሻው አማራጭ እምብዛም አይነካም፣ ነገር ግን "ከጽሑፍ በቀር ሁሉንም" ዓይነት ጥያቄ በሌላ መንገድ አይመለስም ማለት ይቻላል። አርኪካድ ፋይንድ ኤንድ ሴሌክት በሚለው መስኮት ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፣ መስፈርቶቹንም ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል። ሬቪት ላይ ኤስና ኤ ተከታትለው ሲመቱ በመላው ፕሮጀክት ያሉት የአንድ ዓይነት ነገሮች ሁሉ ይያዛሉ። ፈጣን ነው፤ በሌላ ሉህ ላይ ያለውን፣ በዚያ ሰዓት የማይታየውንም እንደሚጨምር ግን መርሳት አይገባም።

ለአማርኛ ጽሑፍ በባሕርይ መምረጥ ልዩ ጥቅም አለው። ከዩኒኮድ በፊት የተለመዱት የግዕዝ ፊደል ፎንቶች ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ነበር የሚያስቀምጧቸው። በእነሱ የተጻፈ "መኝታ ቤት" ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው ትርጉም በሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈትም ያው ድርድር ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ፋይል ላይ በፈልግ ኮማንድ "መኝታ" ብሎ መጻፍ ምንም አያመጣም። የሚያዋጣው በይዘት መፈለግን ትቶ በቴክስት ስታይል መምረጥ ነው። ኪው ሴሌክት ላይ ዓይነቱ ጽሑፍ፣ ባሕርዩ ስታይል፣ ዋጋውም የአሮጌው ፎንት ስታይል ይደረግና ሁሉም ባንድ ጊዜ ይያዛሉ። ቴክስትና ኤምቴክስት ለአውቶካድ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ስለሆኑ ፍለጋው ሁለት ጊዜ ይደረጋል፤ ሁለተኛው ላይ በተመረጠው ላይ ጨምር የሚለው ሳጥን ምልክት ይደረግበታል። የተያዙት ወደ ሌላ ላየር ከተዛወሩ በኋላ በዩኒኮድ መልሶ መጻፉ ሥርዓት ያለው ሥራ ይሆናል። ፎንቱን ብቻ መቀየር ግን አይበቃም፤ ሥር ያለው ኮድ ላቲን ሆኖ ይቀራልና።

ፕለጊኖች የሚጨምሩት

ስኬችአፕ በራሱ የሚሰጠው በባሕርይ የመምረጥ አቅም ከአውቶካድ ያንሳል። ክፍተቱን የሞሉት ከኩባንያው ውጭ ያሉ ፕሮግራመሮች ናቸው። በዚህ ረገድ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሱት አንዱ ቶምቶም በሚል ስም የሚታወቀው ኖርዌያዊው ቶማስ ቶማሰን ነው። ሴሌክሽን ቶይስ የተባለው ሥራው ሐሳቡ ቀላል ነው። ተጠቃሚው ሳይጨነቅ ብዙውን በሳጥን ይይዛል፤ ከዚያ ከቱልባሩ ላይ ጠርዞችን ብቻ አስቀር፣ ገጾችን ብቻ አስቀር፣ ግሩፖችን ልቀቅ ብሎ እንደ ወንፊት ያጠራል። ከላይ የተነገረው የጥልቀት ወጥመድም በዚህ ይቀላል፤ ከኋላ አብሮ የተያዘው ነገር ዓይነቱ የተለየ እስከሆነ ድረስ ባንድ ክሊክ ይራገፋል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከቀያሽ በመጣ ፋይል ላይ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ተዳፋት በበዛበት ከተማ የቦታው አቀማመጥ ከኮንቱር መስመሮች ካልተሠራ ሕንፃው መሬት ላይ በትክክል አይቀመጥም። የዲደብልዩጂ ፋይል ወደ ስኬችአፕ ሲገባ ጽሑፍና ልኬት ይቀራሉ፤ ኮንቱሩ ግን ከመንገድ ጠርዝ፣ ከአጥርና ከዛፍ ምልክት ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ሳንድቦክስ ከሚባለው የመሣሪያ ስብስብ ፍሮም ኮንቱርስ የሚለው የተመረጡትን መስመሮች አገናኝቶ የመሬቱን ገጽ ይሠራል። የአጥሩ መስመር በዜሮ ከፍታ ላይ ተስሎ ከኮንቱሩ ጋር አብሮ ከተመረጠ፣ የተዳፋቱ ወገብ ላይ እስከ ዜሮ የሚወርድ ገደል ይፈጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ የኮንቱር መስመር ተይዞ በታጉ ተመሳሳዮቹ ሁሉ ይጠራሉ፤ ቀጥሎ ሌላው ነገር ይደበቃል፤ ሞዴሉ ከጎን ሲታይ እንደ ደረጃ ተደራርበው የሚታዩት መስመሮች ብቻ መቅረታቸው ይረጋገጣል። ዜሮ ላይ የተኛ መስመር ካለ ከጎን ሲታይ ብቻውን ታች ስለሚቀር በሳጥን ተይዞ ይወገዳል።

የተጠማዘዘ ቅርጽ ለሚሠራ ሰው ደግሞ የዚሁ ሰው ኳድፌስ ቱልስ አለ። ቅርጹ በአራት ማዕዘን ገጾች የተሸመነ ከሆነ፣ አንድ ጠርዝ ተይዞ በዚያው አቅጣጫ የሚቀጥሉትን ጠርዞች ሁሉ ባንድ ጊዜ ያመጣል፤ የተመረጠውንም በአንድ ረድፍ ያሰፋል ወይም ያጠባል። ብሌንደር ላይ ይህ ከፕሮግራሙ ጋር የተሠራ ነው፤ ኦልት ተይዞ ጠርዝ ሲመታ ሙሉው ቀለበት ይመረጣል። ሦስት ማዕዘን ገጽ ሲያጋጥም ሩጫው ይቆማል፣ ምክንያቱም "ቀጥሎ ያለው" የሚባል አንድ ጠርዝ አይኖርም። ስለዚህ ቅርጹን በአራት ማዕዘን የሚሠሩ ሰዎች በሦስት ማዕዘን ላይ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ለውበት ብቻ አይደለም።

ፕለጊን ያልመለሰው ጥያቄ በራስ ኮድ ሊመለስ ይችላል። ስኬችአፕ በሩቢ፣ አውቶካድ በአውቶሊስፕ ቋንቋ ይታዘዛሉ፤ አውቶሊስፕ ከ1986 ጀምሮ አለ። "ርዝመታቸው ከ5 ሚሊሜትር የሚያንስ ጠርዞችን ሁሉ ምረጥ" የሚል ትእዛዝ በሩቢ ሁለት ሦስት መስመር ነው፤ ከሌላ ፕሮግራም በመጣ ሞዴል ላይ ገጽ እንዳይዘጋ የሚያደርጉትን ቁርጥራጮች ያወጣል። ስኬችአፕ ከኢንች አንድ ሺኛ በታች የተቀራረቡ ነጥቦችን እንደ አንድ ስለሚቆጥር እነዚህ ቁርጥራጮች ትንሽ ቢመስሉም ብዙ ያጠፋሉ። ኮዱን ለሚጽፍ ሰው ሁለት ነገር ማወቁ ይበጃል። አንደኛ፣ የተገኙት አንድ በአንድ ወደ ምርጫው ከሚገቡ ይልቅ በዝርዝር ተሰብስበው ባንድ ጊዜ ቢገቡ በጣም ይፈጥናል። ሁለተኛ፣ አውቶሊስፕ ላይ ብሎኮች (የአውቶካድ ኮምፖነንቶች) በስም ሲፈለጉ መጠናቸው ወይም ሁኔታቸው የተለወጡ ዳይናሚክ ብሎኮች አይገኙም፤ ፕሮግራሙ ለእነሱ በኮከብ ምልክት የሚጀምር ስውር ስም ይሰጣቸዋል። 40 በር ያለበት ንድፍ ላይ 31 ብቻ ተቆጥሮ ከመጣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

መጫንና መጠንቀቅ

የስኬችአፕ ፕለጊን ብዙውን ጊዜ አርቢዜድ የሚል ቅጥያ ያለው አንድ ፋይል ነው፤ ከውስጡ የታሸጉ የሩቢ ፋይሎች እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። ዋነኞቹ ምንጮች የኩባንያው ኤክስቴንሽን ዌርሃውስና ስኬችዩኬሽን ናቸው። ፕለጊኑ ከፕሮግራሙ እትም ጋር መስማማቱን ማየት ያስፈልጋል። በ2014 እትም ስኬችአፕ ወደ አዲስ የሩቢ ስሪት ሲሸጋገር ብዙ የቆዩ ፕለጊኖች መሥራት አቁመው ነበር። ፕለጊን በበዛ ቁጥር ፕሮግራሙ ሲከፈት ይዘገያል፣ አንዱ የሌላውን ሥራ የማበላሸት ዕድሉም ይሰፋል። ለመምረጥ ሥራ ሁለት ወይም ሦስት ደህና ፕለጊኖች ይበቃሉ፤ ዘወትር ለሚነኩት ኮማንዶች ደግሞ የኪቦርድ አቋራጭ መስጠት ተጨማሪ ፕለጊን ከመጫን የበለጠ ጊዜ ያተርፋል።

አደገኛው ነገር ፕለጊን ሙሉ ፕሮግራም መሆኑ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተጠቃሚው ማድረግ የሚችለውን ብዙ ነገር እሱም ማድረግ ይችላል። ኢሴት የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ በ2012 ይፋ ያደረገው ሜድሬ የተባለ የአውቶሊስፕ ትል በተለይ በፔሩ ተስፋፍቶ ነበር፤ ሥራውም ተጠቂው የከፈታቸውን ንድፎች ቻይና ውስጥ ወደነበሩ የኢሜይል አድራሻዎች መላክ ነበር። እንዲህ ያሉ ትሎች የሚጠቀሙት ቀላል ቀዳዳ ነው። አውቶካድ ንድፉ ያለበት ፎልደር ውስጥ አካድ የሚል ስምና የሊስፕ ቅጥያ ያለው ፋይል ካገኘ ሳይጠየቅ ይጭነው ነበር። የፕሮጀክት ፎልደር እንዳለ በፍላሽ ሲገለበጥ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ንድፉን ሲከፍት ትሉም ይነቃል። ከ2014 እትም ወዲህ ሴኪዩርሎድ የሚባለው ቅንብር ካልታመነ ፎልደር የሚመጣን ኮድ ከመጫኑ በፊት ይጠይቃል። ጥያቄው ሥራ ያቋርጣል ተብሎ ይህ ቅንብር በብዙ ቦታ ይዘጋል፤ መዘጋት ግን የለበትም። የቢሮው የራሱ ሊስፖች በአንድ ፎልደር ተሰብስበው ያ ፎልደር ብቻ በታመኑት ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ጥያቄው ለእነሱ አይመጣም፤ ለሌላው ሁሉ ግን ይመጣል። ከውጭ የመጣ የፕሮጀክት ፎልደር ሲደርስም ንድፉ ከመከፈቱ በፊት የሊስፕ ፋይል በውስጡ መኖር አለመኖሩን ማየት፣ ማን ለምን እንዳስቀመጠው ካልታወቀም ማስወገድ ያስፈልጋል።